ስድስቱ ጠገራ ብር

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኢስተን የገበያ ማዕከል አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ባንኬት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ጠረጴዛ እንዘረጋለን፣ ጨርቅ እናለብሳለን፣ እንግዳው ሲበተን እናነሳለን። ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ አዳራሹን የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ተከራዩት። ውኃ በጋሪ እየገፋሁ ስዞር አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ጠራኝና ጥቁር ጨርቅ ላይ የደረደረውን አሳየኝ። መሐል ላይ መዳፍ የሚሞላ የስፔን ብር ነበር። አሜሪካ ገና የራሷ ገንዘብ ሳይኖራት ሰዉ የሚገበያየው በዚህ ነበር አለኝ። መልስ ሲጠፋም በመሮ ስምንት ቦታ እየቆረጡ ይሰጡ ነበር አለ። ከጎኑ በትንሽ ካርቶን ላይ ያኔ ምን ምን ይገዛ እንደነበር ጽፏል፦ ዱቄት፣ የጫማ ቆዳ፣ የሰው የቀን ጉልበት።

ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝና ነገርኩት። ፊቱ በራ። ከመሳቢያው ሌላ ብር አወጣ፤ ጡቷ ሞላ ያለ፣ ጸጉሯ የተሸፈነ ሴት ያለችበት። ጠገራ ብር።

«ይኼኛው ደግሞ በናንተ አገር ይሠራ ነበር። ምን ይገዛ ነበር?» አለኝ።

«ብዙ ነገር» አልኩትና ጋሪዬን እየገፋሁ ሄድኩ። ሰውየው ክፉ ነገር አላሰበም። እኔ ግን ኪችን ገብቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ረሃቡ የመጣ ጊዜ አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ቆላው ቁልቁል የሚታይበት አፋፍ ላይ ነበር። ገበያው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ይርቃል። አያቴ በቅሎ ነጋዴ ነበሩና ሲሞቱ ለአባቴ ስድስት ጠገራ ብር ተዉለት። እሱም በፍየል ቆዳ ጠቅልሎ ግድግዳው ውስጥ ሸሸጋቸው። በኢድ ቀን ያወጣቸውና እኔና ታናሽ እህቴን ሐዋን ያስይዘን ነበር። ሲይዙት ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል። «በአንዷ በግ ከነግልገሏ፣ በአምስቷ ጊደር» ይለን ነበር። አባቴ እንድሪስ ቁጡ ሰው አልነበረም፤ በዚያ ብር ግን ይኮራ ነበር። ከእሱ ሰምቼ እኔም ኮራሁ።

ከዚያ ዝናብ ቀረ። በልጉ ቀረ፣ የሚቀጥለው ክረምትም ዳመና ብቻ አሳይቶን አለፈ። ፍየሎቹን ሸጥን፣ ቀጥሎ አህያዋን፣ በመጨረሻም የዘሩን እህል በላነው። እናቴ ቅጠል መቀቀል ጀመረች፤ በደህና ጊዜ ከብት የማይነካው ቅጠል ነው። ዛሬም ስፒናች ሲበስል ከሽታው እሸሻለሁ። የአምስት ዓመቷ ሐዋ መጫወት ትታ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች መዋል አመጣች። እንደዚያ ስትሆን አየንና ብሩ ከግድግዳው ወጣ።

የአባቴ እግር በረሃቡ አብጦ ስለነበር የተላክሁት እኔ ነኝ። ሰባተኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ ሒሳብ እችላለሁ። የጎረቤት አህያ ተዋስን። አባቴ ብሮቹን አንድ በአንድ መዳፌ ላይ እየቆጠረ፦

«ለአንዱ አራት ቁና ማሽላ፤ ከዚያ በታች እንዳትሰጪ። ሦስቱን ሽጠሽ አህያዋን ጫኚ፣ ሦስቱን መልሺልኝ» አለኝ።

እናቴ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። እሱ እንዳይሰማ ዝቅ አድርጋ፦

«ዘይኔ፣ የሰጡሽን ተቀበዪ። ስድስቱንም ስጪ። አባትሽን እኔ እችለዋለሁ።»

«እሺ» አልኳት። ይኼንን «እሺ» እስከዛሬ እሰማዋለሁ።

መንገዱ በደረቀ ወንዝ ውስጥ ነበር የሚወርደው። ጠጠሩ ነጭ ሆኗል፣ ከግራር ጥላ ሥር የተቀመጡ ሰዎች ሰላምታ አይመልሱም። ገበያው ግን ጢም ብሎ ነበር። የነሐስ አምባር፣ የብር ድሪ፣ ጉትቻ፣ የሰርግ ቀሚስ፣ የመስጊድ ምንጣፍ ሳይቀር ለሽያጭ ወጥቷል። እህል የያዘው አንድ ነጋዴ ብቻ ነበር፤ ጋሼ ያሲን ይሉታል፣ አባቴን በስም ያውቀዋል። ብሩን ተቀበለኝና አገላበጠው፣ የሴትዮዋን ዘውድ በጥፍሩ ዳሰሰ።

«ሁለት ቁና» አለኝ።

«ለአንዱ አራት ነው፣ ጋሼ።»

«የኔ እህት፣ ዘወር ብለሽ እይ። ይኼ ሁሉ ሰው ብር ይዞ ነው የመጣው። እህል የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

ዞሬ አየሁ። ሁሉም እጅ ላይ ያብለጨልጫል። አጠገቤ የነበረች ሴት የአንገቷን ድሪ ፈትታ፣ አንድ ቃል ሳትከራከር ሰጠችው፤ ሰፍሮ ሰጣት። እኔ ግን የታለልኩ መሰለኝ። በግ ከነግልገሏ የሚገዛ ብር በሁለት ቁና! እንደ ሕፃን ሊያሞኘኝ ነው ብዬ ፊቴ ጋለ። የእናቴን ቃል አልረሳሁትም። እዚያው ጆሮዬ ላይ ነበር። ገፋሁት።

«እንግዲያው ተወው» አልኩና ብሩን ከእጁ ወሰድኩ።

ባዶዋን አህያ እየነዳሁ ተመለስኩ። አባቴ ደጃፍ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ሁለት ቁና አሉኝ፣ እምቢ አልኩ ስለው ሳቀ። «ጎበዝ! የኔ ልጅ አትታለልም። በሚቀጥለው የሐሙስ ገበያ እሱ ራሱ ይለምናል» አለ። እናቴ ባዶውን ስልቻ ከአህያዋ ጀርባ አወረደችና አጣጠፈችው። እኔንም እሱንም አላየችም።

አንድ ቁና በቁጠባ ከተያዘ አራታችንን ሦስት ቀን ያቆየን ነበር። አሥራ ሁለት ቁና ማለት አንድ ወር ከምናምን ነው። ሒሳብ እችላለሁ ብያችኋለሁ፤ ይኼንን ያሰላሁት ግን በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጋሼ ያሲን ብሩን እጁ ላይ እንኳ አላስቀመጠም። «ከተማ ያሉት አንጥረኞች መግዛት አቁመዋል። ምን አደርገዋለሁ?» አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅኩ። ብዙ ካለቀስኩ በኋላ፣ ይመስለኛል ለአባቴ ስም ሲል፣ ለስድስቱም ሁለት ቁና ሰፈረልኝ። በጀርባዬ አዝዬ፣ እየሮጥኩ፣ እየወደቅኩ ቤት ደረስኩ። እናቴ ቀጭን አጥሚት ሠርታ ለሐዋ በጣቷ አቀመሰቻት። ሐዋ ግን መዋጥ አቅቷት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ደጃፉ ላይ ሳትደርስ፣ ሞተች። ከጎረቤት የቀሩት ሦስት ወንዶች ቀበሯት። የቀረውን ማሽላ ስንቅ አድርገን እኛ ሦስታችን እርዳታ ወደሚታደልበት የመኪና መንገድ ወረድን፤ እዚያ ተረፍን።

እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። አጥሩ ጋ ያለችኝንም ለአባቴ አልነገረችውም። ምስጢሩን ይዛ ሞተች። አባቴ ግን ዋጋ ቆርጦ የላከኝ እሱ ነውና፣ ጥፋቱን ለራሱ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ በገበያ ተከራክሮ አያውቅም፤ የጠየቁትን ከፍሎ ይመጣ ነበር።

ዲቪ ደርሶን ከባለቤቴ ጋር ኮሎምበስ ከገባን ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባቴ ታመመ። ሂልቶፕ በሚባለው ሰፈር በነበረን አፓርታማ፣ ብሮድ ስትሪት ላይ ባሱ ሲያልፍ መስኮቱ በሚንቀጠቀጥበት ክፍል፣ በስልክ ካርድ ደወልኩለት። ድምፁ ደክሟል።

«ዘይነባ፣ ለሐዋ ነገር እኔ ነኝ ተጠያቂው። አንቺን ልጅቱን ለዚያ ገበያ ዳርጌ ልኬሽ... አፉ በዪኝ» አለኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እማ ስጪ ብላኝ ነበር፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ተከፈተና፦

«አፉ ብያለሁ፣ አባ» አልኩት።

አለቀሰ፣ መረቀኝ። ካርዱ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። በሳምንቱ ሞተ።

የሳንቲም ሰብሳቢዎቹ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ልጄ ሰሚራ ልትወስደኝ መጥታ ነበር። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ነርስ የሆነች ልጅ ናት። ሃይዌይ ከመግባታችን በፊት ነገርኳት፤ ስለ ሐዋ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ገበያው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። መኪናውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ አስገብታ አቆመችና እጄን ያዘችኝ።

«ማሚ፣ ኪድ ነበርሽ እኮ። ኢትስ ኖት ዩር ፎልት» አለችኝ፤ ልጅ ነበርሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ማለቷ ነው።

ደግ ልጅ ናት። የበሽተኛ ቤተሰብም እንዲህ እያለች ነው የምታጽናናው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። ለገበያው ነገር ምናልባት እውነቷን ይሆናል። አስራ ሰባት ዓመት፣ የተራበ ሆድ፣ የአባት ኩራት፤ ይቅር ሊባል ይችላል።

አባቴ በስልክ ይቅርታ ሲለምነኝ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ፣ በልቼ ጠግቤ ነበር የደወልኩለት። ይኼኛውን ለሰሚራ አልነገርኳትም። «እንሂድ፣ ደክሞኛል» አልኳትና ሞተሩን አስነሳች።