ትልቁ ወይስ ፈጣኑ

መካነ ሰላም ገበያው ዳር የነበረችው የሰርግ ቪዲዮ ቤታችን ዛሬም ትናፍቀኛለች። ከወንድሜ ጋር ነበር የምንሠራው፤ እኔ እቀርጻለሁ፣ እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ እንዳይግል ጎኑን ከፍተን ቬንትሌተር እናዞርበት ነበር። ሲርበን አንድ ሳህን ሽሮ ለሁለት እንበላለን፤ ደግሞ እንዴት ይጣፍጥ ነበር! የምንጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ በሃርድ ዲስክ።

ጥር መጣ፣ ሰርግ በሰርግ ሆነ፣ ዲስኩ ጢም አለ። ወንድሜ ኤስ ኤስ ዲ የሚባለውን አዲስ ዲስክ ካልገዛን አለ። "ትንሽ ቢሆንም ፈጣን ነው፣ ሲቆርጡበት አይንቀራፈፍም። የድሮውን ያልተቆረጠ ጥሬ ቀረጻ እናጥፋውና ቦታ ይኑረን።" እኔ ደግሞ ቀርፋፋም ቢሆኑ ሁለት ትልልቅ ዲስኮች ፈለግሁ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ላይ ቅጂው እንዲገኝ። ሁለቱንም ለማድረግ አቅሙ የለንም።

"ጥሬውን ላጥፋ? ምን ቆርጦኝ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኩት።

"አንቺ ደሞ! የሰው ሰርግ ታቅፈሽ ልትኖሪ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። አናደደኝ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ልጅ ከጅዳ ደወለችልኝ። የወንድሟን ሰርግ የቀረጽነው እኛ ነን። በእኛ አገር ሰርግ ላይ ዓረብ አገር ላለ ልጅ ካሜራ ፊት ቆሞ ሰላምታ መላክ ተለምዷል፤ አጎት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ ሁሉም "አብሽሪ፣ በሰላም ያግባሽ" ይላል።

"ቪዲዮው ላይ ሁሉም ሰው ሰላም ብሎኛል፤ እናቴ ብቻ የለችበትም" አለችኝ። እናቷ በቅርቡ አርፈዋል። ልጅቷ የወጣችው እሳቸው አትሂጂ እያሏት ነበር። "እህቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እምቢ ብላ ነው? እንደተቀየመችኝ ነው የሞተችው?"

ስንቱን ሰርግ ቀርጫለሁ፣ ትዝ አላለኝም። "ቆይ ልፈልግልሽ" አልኳት። ወንድሜ ተነስቶ የድሮውን ዲስክ ሰካ። ያረቢ፣ እንዴት እንደሚንቀራፈፍ! ፋይሉ እስኪከፈት ነፍሴ አልቀረልኝም።

እናትየው ቀረጻው ላይ አሉ። ከዳሱ ጀርባ፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው ቆመዋል። የእኔ ድምፅ "እማማ፣ ለልጅዎ ሰላም ይበሏት" ይላል።

"ልጄ..." ብለው አፋቸውን በሻርፓቸው ያዙ። ዕንባቸው ወረደ። "ቆይ፣ እንደገና" አሉ። አሁንም "ልጄ" ብለው ቀሩ። እንደገና ሞከሩ፣ አሁንም ያው። በመጨረሻ በእጃቸው ካሜራውን ከለሉት። "ተይው በቃ። ይሄን እንዳታሳይዋት፤ ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ሆዷ ይባባል።"

ያኔ ትዝ አለኝ። ወንድሜ ይሄን ከቪዲዮው የቆረጠው እኔው ነግሬው ነው። የሟች አደራ ነውና ልላከው አልላከው ብዬ አመነታሁ። ወንድሜን ባየው ዓይኑን እየጠረገ ነው።

"ላኪላት" አለ። "ነገ ደሴ እወርዳለሁ፤ ሁለቱን ትልልቆች ይዤ እመጣለሁ።"

ኔትወርኩ ተንፏቆ ተንፏቆ አደረሰላት። ደወለች። መጀመሪያ ለቅሶዋ ብቻ ነበር የሚሰማው።

"እህቴ፣ ሰምተሻታል አይደል?" አለችኝ። "ልጄ ነው ያለችኝ።"