ለአበባው የተነገረ መልእክት

ሰው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት በሚከርምበት በዚያ ሆቴል፣ ጠዋት ጠዋት እንግዳ መቀበያው ላይ የምትቀመጠውን ሴት ደንበኞቹ ከጀርባዋ «ችግር የለም» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የገዛ አፏ ነው። ሙቅ ውሃ ጠፋ ሲሏት ችግር የለም፤ ሊፍቱ ቆመ ሲሏት ችግር የለም፤ ፎጣ ከተቀየረልን ሰነበተ ሲሏት ጭራሽ ፈገግታ ትጨምርበታለች። ክፉ ሆና አይደለም። ለአንድ ሌሊት የመጣ እንግዳ ይጮሃል፣ ሊከርም የመጣ ግን ይለምደዋል ብላ ታምናለች። ስለዚህ አቤቱታን የምታክመው በጊዜ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ተሳክቶላታል፤ የላይኛው ፎቅ እንግዶች ሊፍት የሚባል ነገር መኖሩን ረስተው እግራቸው ጠንክሯል።

ከሰዓት በኋላ ወንበሩን የሚረከባት ባልደረባዋ ረጅም ነው፤ እሷ ደግሞ አጭር ናት። ጠቡም የመጣው ከዚሁ ነው። እሷ ከፍ አድርጋ የተወችውን ወንበር እሱ ዝቅ ያደርገዋል፤ ጠዋት ስትቀመጥ አገጯ ጠረጴዛው ላይ ሊያርፍ ምንም አይቀረው። ስትሄድ መልሰው አለችው፤ እሺ አላት፤ አልመለሰውም። ደግማ ነገረችው፤ እሱም እሺታውን ደገመላት። ቀኑን ሙሉ ሰውን በባዶ ቃል ስትሸኝ የምትውል ሴት፣ የሌላ ሰው ባዶ እሺታ ግን ከአንጀቷ አልወርድ አላት። አኮረፈችው። እሱም ማኩረፍ ያውቅበታል።

ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በጽዳት ሠራተኛዋ በኩል ሆነ። ጎን ለጎን ቆመው «ቁልፉ ተመልሷል በይው»፣ «ሰምቻለሁ በያት» ይባባላሉ። ጽዳት ሠራተኛዋ ልትወልድ ፈቃድ ስትወጣ ሰውየው ሌላ መላ ዘየደ፤ የሚለውን ሁሉ በሩ ጥግ ለተተከለው አበባ መንገር ጀመረ። እሷ ደግሞ ለአበባው የተነገረውን ጆሮዋ ጥርት አድርጎ ቢሰማውም፣ እንዳልተነገራት ትቆጥረዋለች።

ከከረሙት እንግዶች አንዱ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ጡረተኛ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱ አላስቀምጥ ቢላቸው አከራይተውት ሆቴል ገቡ። ሌላ ከተማ የምትኖረው አንድ ልጃቸው ይህን ስትሰማ፣ የእናቴን ቤት ለባዳ ሰጠህ ብላ ቱግ አለች። እሳቸውም ተናደው ሞባይላቸውን ከግድግዳ ጋር አላተሙት። ሌላ ስልክ እንዳይገዙ ግትርነታቸው፣ በክፍላቸው ስልክ እንዳይጠቀሙ ደግሞ የሆቴሉ አሠራር ከለከላቸው፤ የክፍሉ ስልክ ከገቡ ጀምሮ «ነገ ይሠራል»። ስለዚህ በየማለዳው ይወርዱና የተደወለ ነገር እንዳለ ይጠይቃሉ። እሷም፣ ችግር የለም፣ ካለ እንነግርዎታለን ትላቸዋለች። ጠይቀው ሲመለሱ ደረጃውን የሚወጡት በዝግታ ነበር፤ እሷ ግን የሽማግሌ ጉልበት ነው ብላ አለፈችው።

ዓርብ፣ እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ጋሼ ሻንጣቸውን ይዘው ወረዱ። ከሰዓት በሚነሳው አውቶቡስ፣ ስልክ የማይደርስበት ገጠር ወንድማቸው ዘንድ ሊኖሩ መሄዳቸው ነው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ አትደውልም። ምናልባት ከደወለች ግን፣ ብዙ ጠብቆሽ ነበር በያት።»

«ችግር የለም ጋሼ» አለች፣ እንደ ልማዷ።

በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ቃሉ አፏ ውስጥ ኮመጠጣት። ሰኞ ዕለት ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል፣ ባልደረባዋ ስልኩን ዘግቶ ወደ አበባው ዞሮ ስለ ጋሼ ልጅ የሆነ ነገር ብሎ ነበር። ሰምታለች። ልጅቱ እመጣለሁ ማለቷን ሰምታለች። ቀኑን ላለመስማት ነበር እግሯን አፍጥና የወጣችው። አሁን ልጅቱ መጥታ ባዶ ክፍል ብታገኝ፣ አባቷ አውቆ የሸሻት ነው የሚመስላት። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ላይገናኙ ይችላሉ።

ለባልደረባዋ ደውላ አታውቅም፤ ቁጥሩንም በኩርፊያው ሰሞን አጥፍታዋለች። እንግዳ መቀበያውን ጥላ መውጣት ስለማትችል፣ እስኪመጣ ድረስ ቁጭ ብድግ ስትል ቆየች። ገና ከበሩ ሲገባ ፊቱ ተደነቀረች።

«የጋሼ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው?»

ሰውየው ከኋላው ሌላ ሰው ያለ መስሎት ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ነገሩ ገባው። «ነገ። አልነገርሻቸውም እንዴ? ነግሬሽ የለም?»

«ለአበባው ነው የነገርከው።»

«አንቺ አጠገቡ ቆመሽ ነበር።»

«ቆሜ ነበር» አለች። «ጋሼ ወጥተዋል፤ አውቶቡሳቸው ሊነሳ ነው። ምን ነበር ያለችው? ቃል በቃል ንገረኝ።»

ነገራት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ሁለቱም አፈሩ። ሂጂ፣ እኔ አለሁ ብሎ በሩን ከፈተላት።

መናኸሪያ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የመጨረሻ ተሳፋሪ ይጣራል። ገፍታው ገባች። ጋሼ መስኮት ጥግ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ደውላለች። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አባዬን ጠብቀኝ በሉልኝ ብላለች። ቤቱን አይደለም የምፈልገው፣ እሱን ነው ብላለች።»

ሽማግሌው ከመስኮቱ ወደ እሷ ዞሩ። «መቼ ነው የደወለችው?»

አሁን ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። መልሱ ምላሷ ላይ ተደርድሮ ነበር።

«ሰኞ። ባልደረባዬ ተቀበለ፣ እኔም ሰምቼ ነበር። ተኳርፈን ስለነበር አልነገርኩዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ስለ ምን ተኳረፋችሁ?»

«ስለ ወንበር» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ጋሼ ትኩር ብለው አዩዋት። መጀመሪያ የተቆጡ መስሏት ነበር፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስቁ ሰምታ ስለማታውቅ ግራ ገባት። «ስለ ወንበር! እኛስ እሺ ስለ ቤት ነው» አሉና ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠራረጉ። ረዳቱ ሂሳብ አይመለስም ብሎ ሲያጉረመርም፣ እሷ ሻንጣቸውን አንስታ አወረደች።

ሻንጣው ከባድ ነበር፤ እየቀያየሩ ያዙት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጋሼ ቆሙ።

«እስቲ ድገሚልኝ። ምን አለች?»

«ቤቱን አይደለም የምፈልገው፣ እሱን ነው።»

ጥቂት ሄደው እንደገና ቆሙ። ጆሮዬ ደከም ብሏል አሉ፤ ጆሯቸው ምንም እንዳልሆነ ታውቃለች። ደገመችላቸው። እስከ ሆቴሉ ድረስ በቆሙ ቁጥር፣ አንዲት ቃል ሳታጎድል፣ ደገመችላቸው።