የአዴ ዘይነባ ትኩሳት

ዲንሾ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የለካሁት ትኩሳት የራሴን ነው። ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ የታመምኩ መስሎኝ ቴርሞሜትሩን ብብቴ ሥር ወተፍኩ። ምንም የለብኝም። ኃላፊያችን አቶ ገመቹ አይተውኝ ሳቁ።

«ሲስተር፣ ይሄ ብርድ ነው፤ መድኃኒቱ ቡልኮ ነው» አሉኝ። «ደግሞ እዚህ ትኩሳት የያዘው ሁሉ ወባ ነው ይልሻል። መጀመሪያ ቆላ ወርዶ እንደሆነ ጠይቂው።»

እኔ የጊኒር ልጅ ነኝ፤ ዲንሾ ዘመድ አልነበረኝም። ከሥራ ስገባ ሬዲዮ የምከፍተው የሰው ድምፅ ልስማ ብዬ ነበር። ቤት ያከራዩኝ አዴ ዘይነባ (አዴ እዚያ እንደ እማማ ነው) ባላቸው ሞተውባቸዋል፤ አንዲት ልጃቸው ጅዳ ናት። እኔስ ቀኑን ከበሽተኛ ጋር እውላለሁ፤ እሳቸው ከግቢው ጋር ብቻቸውን ናቸው።

አንድ ክረምት የሳንባ ምች ያዛቸው። የታዘዘላቸውን ጨርሰው ዳኑ፤ ሳሉም ተወ። ከዚያ ትኩሳቱ ተመለሰ። ወባ መረመርን፣ የለም። ሽንታቸው ንጹሕ፣ ደረታቸው ንጹሕ፣ ሙቀታቸው ግን ሠላሳ ዘጠኝ። ሆዳቸው ላይ ሽፍታ ወጣ። ያን ያህል እያተኮሳቸው ይበላሉ፣ በእኔ ቅጥነት ይቀልዳሉ። ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ።

አቶ ገመቹ፣ «ጎባ ሆስፒታል ሪፈር እንጻፍላቸው» አሉ።

አዴ ዘይነባ አሻፈረኝ አሉ። «አስታማሚ የለኝም። እዚያ ውሃ የሚያቀብለኝ አጥቼ ከምሞት፣ እቤቴ ልሙት።»

ፈራሁ። እሳቸው ከሞቱ በዚያ ከተማ ደህና አደርሽ የሚለኝ ሰው የለም።

በምሳ ሰዓት ላግባባቸው ስሄድ ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል። በዚያ አገር በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም። አንዷ ወተት፣ ሌላዋ የገብስ ቅንጬ አምጥታለች። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ከሻሿ ጫፍ ክኒን ፈትታ፣ «እኔን ያሻለኝ ነው፤ ተርፎኝ ነው» ብላ ሰጠቻቸው። አዴ ዘይነባ ቢስሚላህ ብለው እፊቷ ዋጡት።

ሰዉ ሲወጣ፣ «እስካሁን ምን ምን ዋጡ?» አልኳቸው።

ከትራሳቸው ሥር ፌስታል አወጡ። ሰልፋው፣ አምፒሲሊኑ፣ ስሙ የተቀደደው ክኒን ሁሉ አለ።

«የመጣውን ሁሉ ነዋ። ይዞ የመጣን ሰው እጅ እንዴት ልመልስ?» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቤቴ ሰው የሚገባው ሲያተኩሰኝ ነው» አሉኝ። እንባዬ መጣብኝ፤ ፊቴን አዞርኩ።

አቶ ገመቹ ፌስታሉን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መድኃኒትም ትኩሳት ያመጣል፤ ሽፍታውም ከሱ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም አስቁሚ። ጠዋት ማታ እዪልኝ፤ ካልወረደ ወይም ከባሰባቸው በውድም በግድም ጎባ።»

በሁለት በሦስት ቀን ወረደ። ሽፍታውም ቀስ እያለ ጠፋ። አልሃምዱሊላህ አሉ። ጠያቂውም ዳኑ ብሎ ቀረ።

በሳምንቱ ከሥራ ስገባ፣ ቤታቸውን ጠርገው፣ ጥሩ ሻሻቸውን አስረው አልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ዛሬ አትለኪኝም?» አሉኝ።

ትኩሳት እንደሌላቸው ሁለታችንም እናውቃለን። ቴርሞሜትሩን አውጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ እስኪመሽም ስናወራ ቆየን። ከዚያ ወዲህ ዲንሾ እስከነበርኩ ድረስ በየማታው ለካኋቸው።

ለአዳዲስ ነርሶች የምነግረው ይህን ነው። ትኩሳቱ ምክንያት ካጣ፣ ጎረቤት የሰጠውን ጨምሮ የተዋጠውን መድኃኒት ሁሉ ጠይቁ። በሽተኛው ከዳነም በኋላ ሄዳችሁ እዩት።