የምድር ውስጥ ባቡር ጽሕፈት ቤት፣ አፍንጮ በር

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ካርታ ነዳፊ ነበር። የሚሥለው የውሃ መስመር ነው። ቧንቧው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ በየትኛው ሰፈር ስር እንደሚያልፍ በቀጭን ሰማያዊ ቀለም ያሰምራል። ከሣላቸው መስመሮች ስንቶቹ መሬት ውስጥ፣ ስንቶቹ መሳቢያ ውስጥ እንደተቀበሩ አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር። እሱ የሣለው ሁሉ ውሃ እንዳለው በኩራት ነገረኝ። እኛ ቤት ውሃ የሚመጣው ግን በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ አባቴን ላለማስቀየም ብዬ ይህን አላነሳሁበትም።

የምድር ውስጥ ባቡሩ ነገር የተጀመረው ዓይኑን ሊታይ ሜክሲኮ አካባቢ ሄዶ በተመለሰበት ቀን ነው። ሲመለስ በከተማው ባቡር ተሳፈረ። ባቡሩ ጊዮርጊስ ሊደርስ ሲል ለጥቂት ጊዜ ከመሬት በታች ይገባል። አባቴ እዚያች አጭር ጨለማ ውስጥ አንድ ነገር ታየው። ከዚያ ወርዶ የአፍንጮ በር ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ገባ፤ ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲለው ትቶት በእግሩ መጣ። እቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠና፣ "ከላያችን ያ ሁሉ መኪናና ሰው ነበር። እኛ ከሥር አለፍን፤ ማንም አላየንም" አለኝ። ቀጥሎ ትልቅ ወረቀት እንዳመጣለት ጠየቀኝ።

እኔ ፒያሳ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የሰው ውል አስተካክላለሁ። በማግስቱ ከሱቃችን ትልቁን ወረቀት አራት ፍሬ ይዤለት ሄድኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፈው ከሬዲዮ ዜና ጋር ሲከራከር ስለነበር፣ ሌላ ሥራ በማግኘቱ ደስ ብሎኛል። ወረቀቶቹን በፕላስተር አጋጥሞ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት የምንበላው ጭናችን ላይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው መስመር አለቀ። ባቡሩ ከመርካቶ ይነሳል፤ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስር ሳይቆም ያልፋል፤ ጊዮርጊስ ይቆማል፣ ፒያሳ ይቆማል፣ ራስ መኮንን ድልድይ ይቆማል፤ አፍንጮ በር ቆሞ ስድስት ኪሎ ይገባል። የአፍንጮ በርን ጣቢያ ጠጋ ብዬ ሳየው መውጫው የኛ የግቢ በር ላይ ነው።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ በራችን ነው።"

"የመሬቱ አቀማመጥ ነው" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ያን መስመር ከእኔ ቀጥሎ ያዩት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጠባብ ሱቅ ከፈቱ፤ ቤታቸው ደግሞ ከኛ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጡ ከአባቴ ጋር ሻይ ይጠጣሉ። የዚያን ቅዳሜ መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት፤ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ስፌቷ እዚህ ጋ ዘላለች፣ አሉ።

አባቴ ቦታው ቁልቁለት ስለሆነ ባቡር እንደማይቆምበት አስረዳቸው። ጋሼ ራስ መኮንን ድልድይስ ሜዳ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አባቴ የዚያኛው ቁልቁለት ዓይነቱ ሌላ እንደሆነ ተናገረ። ጋሼ ጣታቸውን እስከ አፍንጮ በር አሳለፉና የጣቢያውን መውጫ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሻያቸውን ጨርሰው ሳይሰናበቱ ወጡ።

ነገሩ በሁለት ሽማግሌዎች ኩርፊያ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከዚያ የባሰውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አባቴ ቀለም የሚቀባበት ንጹሕ ቅጂ ስለፈለገ ካርታውን ሱቅ ወስጄ ኮፒ አደረግኩለት፤ አንዱን ቅጂ ግን ማሽኑ ላይ ረሳሁት። መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ የቤት ደላላ አነሳውና ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ። የአባቴ ነው አልኩት። የት እንደሚሠራ ሲጠይቀኝ ካርታ ክፍል አልኩት። ስልክ ይዤ ስለነበር "ነበር" የምትለውን ቃል ጨምሬ አልነገርኩትም።

ወር ሳይሞላ በሰፈራችን የሚከራዩ ክፍሎች ሁሉ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሆኑ። ውሃ የሌለው፣ መጸዳጃው የጋራ የሆነ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል ሳይቀር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ሰዎች አባቴን ፍለጋ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የመጡት ከበላያችን የሚኖሩ ሴትዮ ናቸው። ባቡሩ በቤታቸው ስር ሲያልፍ የብፌያቸውን ብርጭቆ እንዳያንቀጠቅጠው ፈርተዋል። ነገሩ እውነት ነው ወይ ብለው ሲጠይቁት አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና "በጥናት ላይ ነው" አላቸው።

አልዋሸም። እያጠናው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ጠዋት ከረባት አስሮ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል። ባለጉዳይ የሚያነጋግርበት ቀን ማክሰኞና ሐሙስ ሆነ። ረቡዕ የመጣን ሰው ሐሙስ ተመለሱ ብሎ ሲሸኝ ሰምቼ፣ መሥሪያ ቤት ሳለህ እንኳ እንዲህ አታደርግም ነበር አልኩት።

"ያኔ ሥልጣን አልነበረኝም" አለኝ።

በቃል የቀረበ አቤቱታ አልቀበልም ማለትም ጀመረ። የሰፈሩ ሰው ታዲያ አቤቱታውን የሚያስተይበው የት ነው? እኛ ሱቅ። አባቴ ወደ እኔ ይልካቸዋል፣ እኔ ወደ አባቴ እልካቸዋለሁ። የሱቁ ባለቤት በሥራዬ በጣም ደስተኛ ነበረ፤ እኔም ነገሩ ትክክል እንዳልሆነ እያወቅኩ ዝም አልኩ። አንዳንዴ እንዲያውም የአንድ ግቢ ተከራዮች አንድ ላይ ሆነው ከሚጽፉ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቢያመለክቱ እንደሚሻል እመክራቸው ነበር።

ፒያሳ ላይ ጎን ለጎን ሱቅ ያላቸው ሁለት ወርቅ ሻጮች በተለያየ ቀን መጡ። የመጀመሪያው የጣቢያው መውጫ በሱ በር በኩል እንዲሆንለት ለመነ፤ አንድ ካርቶን ኬክም ይዞ ነበር። ሁለተኛው ለራሱ ምንም እንደማይፈልግ፣ መውጫው እዚያኛው ሰውዬ በር ላይ ብቻ እንዳይሆን ተናገረ። አባቴ ሲያስብበት ከርሞ መውጫውን በሁለቱ መሃል፣ የጎርፍ መውረጃው ላይ አደረገው። ኬኩ ለማን እንደመጣ ስጠይቀው ለፕሮጀክቱ ነው አለኝ፤ ክሬም ያለበትን ግን ራሱ በላው።

አንድ ቀን ጠዋት ጋሼ እኛ ሱቅ መጡ። ሰላምታ ሰጥተውኝ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተራቸውን ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ማመልከቻ ሊያስጽፉ እንደሆነ ነገሩኝ።

"ለማን ነው፣ ጋሼ?"

"ለምድር ውስጥ ባቡር ጽሕፈት ቤት፣ አፍንጮ በር።"

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። እሳቸው አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ሥራሽን ነው የምትሠሪው ብለው አረጋጉኝና ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ያስጽፉኝ ጀመር። በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሱቅ ከከፈቱ ብዙ ዘመን እንዳለፋቸው፣ የአመልካቹ ጉልበት ለዳገት እንደማይመች፣ ጣቢያው ለድልድዩ ተከልክሎ ለአንድ ግለሰብ በር መሰጠቱ አግባብ እንዳልሆነ ዘረዘሩ። አንድ ግለሰብ ያሉት አባቴን ነው። ከሥር ግልባጭ እንዲጻፍ ጠየቁ። ለማን ብዬ ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና "ለአንቺ" አሉኝ።

አባቴ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ራሱ በእጁ መልስ ጻፈ፤ ጥያቄው በቴክኒክ ምክንያት ተቀባይነት እንዳላገኘ አሳውቆ ከግድግዳው ማዶ ወዳለው ቤት በእኔ እጅ ላከው። ደርሼ እስክመለስ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ጋሼ ደብዳቤውን ተቀብለው ፈረሙልኝ።

ከዚያ በኋላ የቅዳሜው ሻይ ቀረ። ክረምቱ ሙሉ አልተነጋገሩም። አባቴ ከጠቡ በፊት ለማሳጠር የሰጣቸው ሱሪ ነበረ፤ ዝናቡ ሲበረታ አምጪልኝ ብሎ ላከኝ። ድልድዩ ጋ ሱቃቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጋሼ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ "በጥናት ላይ ነው በይው" አሉኝ። ስነግረው አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ይቅርታ ግን አልላከም።

መስከረም ሲጠባ የእድራችን ሦስት ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው እኛ ቤት ተቀመጡ። ካርታው መሃል ላይ ተዘርግቷል። እኔ ሻይ አቅርቤ በር ላይ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከመሠረቱ መረመሩ። አንደኛው ቁልቁለቱን በጣቱ ለካ። ሁለተኛው፣ ካነሳነው አይቀር ብሎ፣ ለልጁ ቤት ቀረብ ያለ ጣቢያ ሊኖር ይችል እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በመጨረሻ የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

"ወንድሞቼ፣ ባቡሩ እኮ የለም።"

አባቴና ጋሼ ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

"የለም ማለትና አልተሠራም ማለት ይለያያል" አሉ ጋሼ፣ ቅር ብሏቸው።

"ልክ ነው" አለ አባቴ። "በጣም ይለያያል።"

እርቁ የወረደው እዚያ ላይ ነው። ሁለቱም ወንበራቸውን አጠጋግተው ለአስተማሪው አንድ ነገር መኖር የሚጀምረው ከወረቀት እንደሆነ ሲያስረዱ ሰዓት አለፈ። አስተማሪው ይቅርታ ጠየቁ። አባቴ ቀይ እርሳስ አንስቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ጣቢያ ሣለ፤ ጋሼም መውጫው በየት በኩል እንደሚሻል አሳዩት። ሱሪው በማግስቱ መጣ።

ብዙም ሳይቆይ የጋሼ ሱቅ ያለበት ረድፍ ለልማት ተፈለገ። ከዚያ የሰፈራችንን ካርታ የያዙ ወጣቶች መጥተው አጥር ላይ በቀለም ምልክት አደረጉ። ምልክቱ የጋሼ ቤት ላይ አለ፤ የኛ ላይ የለም። የሌላ ሰው መስመር በሁለታችን ግድግዳ ላይ አልፎ ነበር፤ እሱ ደግሞ በጥናት ላይ አልነበረም። አባቴ ከወጣቶቹ አንዱን አስቁሞ ካርታውን እንዲያሳየው ጠየቀ፤ ልጁም በአክብሮት ዘርግቶ አሳየው። አባቴ አጎንብሶ አየና ነዳፊው እጁ ጥሩ እንደሆነ ብቻ ተናገረ።

ለጋሼ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ ቦሌ አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ። ዕቃቸውን በጫኑ ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ተሸከመ። አባቴ የስፌት መኪናውን ከእጁ አልለቅም ብሎ እስከ አይሱዙው ድረስ አቅፎት ሄደ። የማክሰኞ ባለጉዳዮች በዚያ ሳምንት ሲመጡ በሩ ላይ ቆሞ መስመሩ መሰረዙን ነገራቸው። ለምን ብለው ሲጠይቁት መንገደኛ የለም አላቸው። ምንም አልገባቸውም። ደላላው ብቻ ስልክ ደውሎ፣ መሰረዙ ለሰው ሳይነገር ትንሽ ቢቆይ እንደሚሻል በደህና አንደበት አስረዳኝ።

ከወር በኋላ አባቴን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከአፍንጮ በር ተነስተን ሦስት ታክሲ ቀያየርን፤ ጠዋት ወጥተን የደረስነው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ደረጃውን ስንወጣ አባቴ በየፎቁ እያረፈ ነበር። ጋሼ መኪናቸውን መስኮቱ ስር አድርገዋል። አዲሱ ሰፈር ገና ልብስ ሰፊ መኖሩን እንዳላወቀ፣ ከሥር ያሉት ሴትዮ ግን መጋረጃ እንዳሰፉ ነገሩን።

ምሳ ከበላን በኋላ አባቴ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ቤት ውስጥ ሲሥል አላየሁትም ነበር። አንድ ነጠላ መስመር ነው፤ ከአፍንጮ በር ተነስቶ አራብሳ ይገባል። በመሃል አንድም ጣቢያ የለበትም።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ሄዱበት።

"መሃል ላይ ያለው ሰውስ?"

"እሱ የራሱን ይሣል" አለ አባቴ።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ከሆነ ሰው እንደሚቀየማቸው፣ ቢያንስ መገናኛ ላይ መቆም እንዳለበት ተናገሩ። አባቴ ባቡሩ እንደሚዘገይ ተከራከረ። ጋሼ የስፌት ጠመኔያቸውን አንስተው መገናኛ ላይ ነጥብ አደረጉ፤ አባቴ ነጥቡ ጠማማ ቦታ ላይ እንዳረፈ ገልጾ ጠመኔውን ተቀበላቸው። እኔ ሻዩን ሁለት ጊዜ አሞቅኩት። ታክሲ እንዳያመልጠን ብዬ ስነሳ መስመሩ አሥራ አንድ ጣቢያ ሞልቶት፣ ስለ አሥራ ሁለተኛው ገና አልተስማሙም ነበር።