ከዳባቱ በረኛ ጀርባ

ደባርቅ ሜዳ ላይ ከጎሉ ጀርባ የሚቆም ሰው ኳስ ለማየት አይደለም የሚቆመው። እኔ እዚያ ስድስት ዓመት ቆሜያለሁ፤ አጥርቼ ያየኋቸው ጨዋታዎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሥራችን መስደብ፣ መግፋት፣ የእንግዳውን ቡድን መኪና መንገድ ላይ መጠበቅ ነበር። ከኪሳችን ጠጠር አይጠፋም። ከተማው "ደጋፊዎች" ይለናል፣ እናቶቻችን ደግሞ "ዱርዬዎች" ይሉናል። ትክክሎቹ እናቶቻችን ነበሩ።

እኔ ከሌሎቹ የምለየው በምላሴ ነው። የስድብ ግጥም የማወጣው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሁለት መስመር እገጥማለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሙሉ ይጮኸዋል። ለዳባት በረኛ ያወጣሁለት ይቺን ነበር፦

በረኛው ምን ሆኗል፣ እጁ ይንሸራተታል፤
ቅቤ ሲንጥ ውሎ ኳስ የት ይይዝለታል!

አሁን ሳነባት አፍራለሁ። ያን ጊዜ ግን ወገቤን ይዤ ነበር የምስቀው። "ደራሲነት ከየት መጣብህ?" ብለው ለሚጠይቁኝ ሰዎች መልሱ ይኸው ነው፤ ከስድብ ነው የመጣብኝ።

የዚያን ቀን ጨዋታው የዋንጫ ነበር፣ ከዳባት ጋር። ዳባት ጎረቤታችን ናት። እንጋባለን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን፣ ገበያቸው ገበያችን ነው። ኳስ ሲመጣ ግን ምን እንደሚነካን እንጃ! አንድ ለአንድ ሆነን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የማእዘን ምት አገኘን። እኔ ከመረቡ ጀርባ ነኝ፤ ከበረኛው ከሦስት እርምጃ በላይ አልርቅም። ቀጥሎ የሆነውን ደባርቅ ሁሉ የሚያወራው እንዲህ ብሎ ነው፦ ኳሷ ተሻማች፤ በረኛው ሊይዛት ሲል ከእጁ አመለጠች፤ ጎል ሆነ፤ ሕዝቡ በደስታ ሲተራመስ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ድንጋይ በረኛውን ዓይኑ ላይ መታው። ዋንጫውን ወሰድን። በረኛውን ጎንደር ወሰዱት፤ ቀኝ ዓይኑ አልተረፈም።

ድንጋዩን የወረወርኩት እኔ ነኝ።

ማንም አላየኝም። ቢሆንም ሆዴ ስላልቻለ በነጋታው ሊማሊሞን ቁልቁል ወርጄ ቆላዋ ድብ ባሕር ከተማ ገባሁ። እዚያ ከጭነት መኪና ላይ ጆንያ እያወረድኩ ዓመት ከመንፈቅ ኖርኩ። መኪና ካልመጣ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ያለው ሙቀትና ዝንብ ነው። አንድ ባለሱቅ የጣለውን ደብተር አንሥቼ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ግጥም ጻፍኩ፤ የምሰድበው ሰው ሲጠፋ ደግሞ ታሪክ ጻፍኩ። ደባርቅ ስመለስ ፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆንኩ። ዛሬም እንጀራዬ እሱ ነው። በጎን አንዲት ትንሽ የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፍ አሳተምኩና ከዚያ ወዲህ ስሜ "ደራሲው" ሆነ። ግማሹ ሰው ከልቡ ነው እንዲህ የሚለኝ፤ ግማሹ እያሾፈ ነው።

ሁለተኛው መጽሐፌ ስለዚያ ስለ ረባሽነቴ ዘመን ነው። ድንጋዩን መዝለል አልሆነልኝም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ያፈንኩትን አወጣሁት። ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኬ በፊት ምዕራፉን ለንስሐ አባቴ አነበብኩላቸው። አባ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቁጣቸውም ምክራቸውም ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ስጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ለወረቀቱስ ተናዘዝክለት" አሉኝ። "ለሰውየውስ?"

እውነቱን ልናገር። ዳባት ለመሄድ እሺ ያልኩት ተጸጽቼ ብቻ አይደለም። መጽሐፌ መጨረሻ አልነበረውም፤ ዕርቅ ቢገባበት ያምርበታል ብዬ አስቤ ነበር። ደራሲ ክፉ ፍጥረት ነው።

በዳባት በኩል ሽማግሌ የሆኑት አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ናቸው፤ ከአባ ጋር ስንት ደም ያደረቁ የቆዩ ወዳጆች ናቸው። ሐጂ አስቀድመው ለበረኛው ነገሩትና ቀን ተቆረጠ። በረኛው ዛሬ ወፍጮ ቤት አለው። ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከጀርባ ባለችው ክፍል አግዳሚ ወንበር አዘጋጅቶ ጠበቀን። ግቢው ውስጥ ገብስ ያመጡ ገበሬዎች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ወረፋ ይጠብቃሉ። ሞተሩ በመጥፋቱ ደስ ያላቸው አይመስሉም።

በእኛ አገር በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። እኔ ከመንገድ ዳር አንዷን አነሣሁ። አባ አዩዋትና "ይቺ በርበሬ ልትፈጭባት ነው?" ብለው ሌላ አሳዩኝ። ያቺን አንገቴ ላይ ጭኜ ገባሁ።

"በድያለሁ። ዓይንህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ" አልኩ።

በረኛው ወዲያው አልተነሣም። በአንድ ዓይኑ ረጅም ጊዜ አየኝ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበረበት። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት፤ እምቢ ቢለኝ ምን ይውጠኛል?

"ማን ይሆን እያልኩ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። አንተን ግን አስቤህ አላውቅም" አለ በመጨረሻ። ተነሥቶ ድንጋዩን ካንገቴ ላይ አወረደልኝ። "ይቅር ለእግዚአብሔር።"

ተሳሳምን። አባ መስቀላቸውን ዘርግተው "ይህ ነገር ከዛሬ ወዲያ አይነሣ! በአፍም በእጅም ያነሣው የተወገዘ ይሁን!" አሉ። ሐጂም ዱዓ አደረጉ። ሁላችንም አሜን አልን።

አሜን ብዬ ስጨርስ ነው ጉዴ የታየኝ። ምዕራፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው!

"አባ፣ መጽሐፉስ?" አልኳቸው።

"የምን መጽሐፍ?"

"ያነበብኩልዎት ነዋ። ይኸው ነገር የተጻፈበት።"

"አይ አንተ!" አሉ፤ ፊታቸው ጠቆረ። "እሱን ልትቀደው አይደል እንዴ የመጣኸው?"

ለካ ሁለታችንም አንድ ሚኒባስ ተሳፍረን የመጣነው ሁለት ነገር አስበን ነው። እኔ ዕርቁን ለመጽሐፌ መጨረሻ ፈልጌዋለሁ፤ እሳቸው ከዕርቁ በኋላ መጽሐፍ የሚባል ነገር አይኖርም ብለዋል። ሐጂም "የታረቀ ነገር ተጽፎ ገበያ ሊወጣ? ኧረ ተው ልጄ፣ በሞቴ! ዕርቁን ልታፈርስብን ነው!" እያሉ ራሳቸውን ያዙ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ሥራ በገዛ አሜኔ መታሰሩ ነው። ደሜ ፈላ። "እንግዲያው ይቅርታውን መልሱልኝ" ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንዲያው እግዜር አተረፈኝ።

"ቆዩ እስኪ" አለ በረኛው። "ምን ብሎ ነው የጻፈው? ያንብብልኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ይሁን፣ ያንብብ። ከዚያ ይቀደዳል" አሉ ሐጂ።

አወጣሁና አነበብኩ። መጀመሪያ ላይ ሲያዳምጥ ደህና ነበር፤ የሜዳውን ጭቃ፣ የደጋፊውን ጩኸት ስገልጽ እንዲያውም ፈገግ አለ። "ኳሷ ከእጁ አምልጣ ገባች። እኔም በደስታ አብጄ ድንጋዩን ወረወርኩ" የሚለው ጋ ስደርስ እጁን አነሣ።

"ቆይ። መቼ ነው የገባችው?"

"እ?"

"ኳሷ መቼ ነው የገባችው? ድንጋዩ ሳይመታኝ ነው፣ ከመታኝ በኋላ?"

ወረቀቱን አየሁ። እዚያ የምፈልገው መልስ አልነበረም።

"ከጀርባዬ ቆመህ ነበር" አለኝ፣ ሳይቆጣ። "አንተ አይተሃል።"

አይቻለሁ። ይዟት ነበር። ከሰው ሁሉ በላይ ዘሎ በሁለት እጁ ያዛት፤ ደረቱ ላይ አጥብቆ አቀፋት። ድንጋዩን የወረወርኩትም ስለያዛት ነው። ተናድጄ ነው እንጂ ተደስቼ አይደለም። እንዳቀፋት ወደ እኔ ዞር ሲል በመረቡ ጎን የወረወርኩት ድንጋይ ዓይኑን አገኘው፤ ክንዱ ተፈታ፤ ኳሷ ወድቃ ተንከባልላ ገባች። ዳኛውን ግርግሩ ጋርዶታል፤ እሱ ያያት መረቡ ውስጥ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉን ያየሁ ምናልባት እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዲህ አስቡት። የሰው ዓይን ማጥፋቴን ለመጻፍ ደፍሬያለሁ፤ ጎሏን ግን አልነካኋትም። ዓይኑ የእኔ ኃጢአት ነው፤ ዋንጫው ግን የደባርቅ ነው። ዛሬም ሻይ ቤቱ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል፤ የጥንት ጓደኞቼ ልጆቻቸውን አቅፈው ያሳዩታል። ድንጋዩን ብጽፍ "ወንድ ነው፣ ተጸጸተ" ይሉኛል። ጎሏን ብጽፍ ግን ደባርቅ ላይ ሰላም የሚለኝ አላገኝም። ኑዛዜ ብዬ የጻፍኩት ለራሴ የሚስማማኝን መርጬ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት ያን ሰዓት፣ ወረቀቱን ይዤ ፊቱ ቆሜ ነው።

"ይዘሃት ነበር" አልኩ።

በረኛው አግዳሚው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ዓይኔን ይቅር ብዬሃለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም" አለ። "እኔን የበላኝ ግን ዓይኑ አልነበረም። ይዣት ነበር ስል የሚያምነኝ አጣሁ። ሰበብ ነው አሉኝ። አባቴ እንኳ ያ ሁሉ ፍቅራቸው እያለ፣ እስኪሞቱ ድረስ 'ምነው ልጄ፣ አጥብቀህ ይዘሃት ቢሆን' ይሉኝ ነበር።"

ሐጂ ወደ አባ ጠጋ አሉ።

"ይህማ ከፊታችን አልቀረበም፣ አባ። ምኑን አስታረቅን?"

"እውነት ነው፤ ያልቀረበውን ግዝቱም አያስረውም" አሉ አባ። ወደ በረኛው ዞሩ። "አንተ ምን ይሁን ትላለህ፣ ልጄ?"

"መጽሐፍ ከሆነ ሙሉውን ይጻፈው። እኔ አልከለክልም" አለ። "መጽሐፍ ግን ለሚያነብ ነው። እዚያ ውጭ ያሉት ያነባሉ? ለእነሱ በአፉ ይንገርልኝ።"

እጄን ይዞ ወደ ግቢው አወጣኝ። ገበሬዎቹ ወፍጮው ሊነሣ ነው ብለው ብድግ ብድግ አሉ። እኔ ስንት ጊዜ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ፊት እየጮኽኩ ሰው ያዋረድኩ ሰውዬ፣ ሃያ ለማይሞሉ ሰዎች ድምፄ እምቢ አለኝ። ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ተውኩት። በሦስተኛው ከየት እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ድንጋዩን ነገርኳቸው። "ኳሷን ይዟት ነበር። እኔ ከጀርባው ሆኜ አይቻለሁ። የገባችው እኔ ከመታሁት በኋላ ነው" አልኩ።

አንዱ ወጣት በቁጣ ወደ እኔ ሲመጣ በረኛው በእጁ መለሰው። ከጆንያው ረድፍ ጫፍ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የበረኛው የአባቱ ወንድም ናቸው።

"ወንድሜ ይህን ሳይሰማ ሞተ" አሉ።

እኔን አልሰደቡኝም፤ ብሰደብ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ፤ ፊቴንም አልሸፈንኩም። አባን አየኋቸው። ለሞተ ሰው ማንን ሽማግሌ እልካለሁ?

በረኛው ወደ አጎቱ ሄዶ ጆንያቸውን ከመሬት አነሣላቸው።

"እርስዎ ሰሙልኝ አይደል፣ ጋሼ?" አላቸው። "ይበቃኛል።"

ሞተሩን አስነሣና የእሳቸውን ገብስ መጀመሪያ አስገባ።