የሀሊማ የአንገት ጌጥ

ልጅ እያለሁ አሰላ ውስጥ የተጣለ ነገር በማግኘት ሀሊማን የሚቀድም አልነበረም። የጎረቤታችን የባለጋሪው ልጅ ናት። ከሐኪም ቤት ጀርባ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ የጎማ ክዳን፣ ከመጠጥ ቤት ደጅ ቆርኪ፣ ከመንገድ አዝራር ለቅማ በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ ትመጣለች። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደል ስቆጥር፣ እሷን አባቷ «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልታመጣ» ብለው አስቀሯት። ሰውየው አልፈዋል እንጂ ዛሬም የምላቸው ነበረኝ።

ቆርኪውን በድንጋይ ትጠፈጥፈዋለች፤ ጎማውን በጋለ ወስፌ ትበሳዋለች። የዚያ ጎማ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ክር ግን አትነካም። የአባቷን ፈረስ ጭራ ስታበጥር የሚነቀለውን ትሰበስብና ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ሦስት ሦስቱን ጭኗ ላይ ትገምደዋለች። ሲደርቅ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ይሆናል፤ ቢጎትቱት አይበጠስም። ለመጨረሻ ጊዜ የሠራችው የአንገት ጌጥ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶባታል።

የከተማችን ሹም ልጅ ሶስና፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ «እስኪ ላጥልቀው» ብላ ተዋሰችው። እንዳጠለቀችው ቀረች። የወላጆች ቀን ሲደርስ በእጅ ሥራው ጠረጴዛ ላይ፣ ከጥልፉና ከዳንቴሉ መካከል፣ የሶስና ስም የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁት። አስተማሪያችን፣ አንቱ ማለት አይወጣልኝም፣ ሀሊማን «ቆሻሻ ለቃሚ» እያለች ከአጥሩ ስር የምታባርር ሴት ነበረች። ያን ቀን ጌጡን ከፍ አድርጋ ለእንግዶች «ይቺን ጥበብ ተመልከቱ!» ትላለች። ለሹም የሚያጎበድድ ሰው ዓይኑን ቤቱ ትቶ ነው የሚመጣው።

ሀሊማ በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ሶስና፣ በምንድን ነው የሰካሽው?» አልኳት በሰው ሁሉ ፊት።

እናቷን አየት አድርጋ «በሐር ክር» አለች።

«በሐር!» አሉ እናቷ ደስ ብሏቸው። ጌጡን ተቀብለው አንገታቸው ላይ ለኩት።

«እሜቴ፣ የጋሪ ፈረስ ጭራ ነው» አልኩ። «የሠራችው ሀሊማ ናት። ያቻትና፣ አጥሩ ጋ ቆማለች። ይጠይቋት።»

ማንም አልጠየቃትም። ሴትዮዋ እባብ የያዙ ይመስል ጌጡን ወረወሩት፤ ቋጠሮው ተፈትቶ መሬት ላይ ተበታተነ። አስተማሪዋ ጆሮዬን ይዛ አስወጣችኝ። የእጅ ሥራውን ሽልማት ያው ለሶስና ሰጧት፣ የእነሶስና ገረድ በጠለፈችው የትራስ ልብስ።

ሀሊማ የምታመሰግነኝ መስሎኝ ወደ አጥሩ ሮጥኩ።

«ማን ተናገሪ አለሽ?» አለችኝ እያለቀሰች። «ጠረጴዛ ላይ ነበር እኮ! ሰው ሁሉ እያየው ነበር።»

«በሰው ስም!»

«እኔ አውቀው የለ? አንቺ ክርክርሽን ነው የምትወጂው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ነገር ሳብሰለስል ኖሬአለሁ። ስሟ ይጠራ ብዬ ሥራዋን አስጣልኩባት። በመናገሬ አጠፋሁ ግን አልልም። ያጠፉት «ታዲያ የማን ነው?» ማለት ያቃታቸው ናቸው፤ ያን ሁሉ ነጠላና ኮት ለብሰው የአንድ ሰው ያህል ፍርድ አልነበራቸውም። ሀሊማ ከዚያ በኋላ ዲክሲስ የሚባል አገር ተዳረች፤ ሳንታረቅ ቀረን።

በቀደም የልጅ ልጄ ባዛር ወሰደችኝ። የስልክ ሽቦና የጄሪካን ቁራጭ አምባር ሆኖ በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል፤ ዘናጮቹ ተሰልፈው ይሞክራሉ። የተጣለ ነገር እንዲህ ተከብሮ ሳይ፣ እውነት ለመናገር፣ ልቤ ለሀሊማ ደስ አለው። አንዱን አንስቼ ሻጯን ማን እንደሠራው ጠየቅኋት።

«ሠራተኞቻችን ናቸው፣ እማማ።»

«ስማቸው ማን ነው?»

ሳቀች። «ኧረ ብዙ ናቸው!»

«ለልጇ ‹ሠራተኞቻችን› ብላ ስም ያወጣች እናት እስከ ዛሬ አላየሁም» አልኳትና አምባሩን መልሼ አስቀመጥኩት።