ጭንጫው ላይ የቀበርኩት መድኃኒት

ከኮሶዬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የግብርና ሠራተኛ ሆኜ በገባሁበት በጋ፣ ጊዜው ያለፈበት የተባይ መድኃኒት ከመጋዘን አውጥቼ እንድቀብር ታዘዝኩ። በርሜሎቹ ዝገው ያንጠባጥባሉ፤ ሽታቸው ዓይን ያስለቅሳል።

የመጋዘኑ ዘበኛ ሽማግሌ ነበሩ። «ታች ዋልካው ላይ፣ ጥቁሩ አፈር ላይ ቅበረው» አሉኝ። «ዋልካ የዋጠውን ቶሎ አይለቅም። ጭንጫው ግን ወንፊት ነው፤ ከሥሩ ምንጭ አለ።»

«እሺ አያ» አልኩ። ዋልካው ግን በፀሐይ ደርቆ ዶማ አልቀበል አለኝ። እንደ ጭንጫ ያለ ጠጠራማ አፈር መርዙን ከዝናብ ጋር ወደ ታች እንደሚያሰርግ ተምሬ፣ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ሰነፍኩና ከምንጩ በላይ ያለውን ጭንጫ ቆፈርኩ።

ነሐሴ ላይ ከምንጩ የጠጡ ሁለት በሬዎች አረፋ ደፍቀው ሞቱ። ባለቤታቸው ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልቶ ነበርና «መርዞብኝ ነው!» ብሎ ወንድሞቹን አስከትሎ ወጣ።

ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ጎረቤትየውን ጭቃ ላይ ጥለው በሽመል ይቀጠቅጡታል። ሚስቱ «ምነው! ምን አደረጋችሁ!» እያለች ብትደፋበት እሷንም ጀርባዋን አሏት። እውነቱን ለመናገር ወዲያው አልጮኽኩም። ፈራሁ። የሰውየው ክንድ ቀጭ ብሎ ሲሰበር የሰማሁት ዝም ብዬ ቆሜ ነው።

«ተውት! ከምንጩ በላይ መድኃኒት የቀበርኩት እኔ ነኝ!»

የበሬዎቹ ባለቤት ዞረ። «ምን አልክ?»

ደገምኩለት። ሽመሉ መንጋጋዬ ላይ አረፈ፤ ሁለት ጥርሴን ከደም ጋር ተፋሁ። ከወደቅኩ በኋላ ሆዴን ሲረግጡኝ ዘበኛው መሐል ገብተው «በጊዮርጊስ ይዣችኋለሁ!» ባይሉ ኖሮ እዚያው ይጨርሱኝ ነበር።

በአገር ሽማግሌ ታረቅን። የተመረዘው አፈር ተቆፍሮ በመኪና ተወሰደ፤ ጭንጫው ውስጥ የሰረገውን ግን ማን ያወጣዋል? ምንጩ በእሾህ ታጠረ።

የጎረቤትየው ክንድ በወጌሻ ታሰረ። ያን ክረምት ማሳውን ያረምኩለት እኔ ነኝ። ሚስቱ ምሳዬንና አንድ ጣሳ ውኃ ከማሳው ዳር አስቀምጣ፣ ሳታናግረኝ ትመለሳለች። አንድ ቀን ብቻ ጣሳውን ስጨልጥ ቆማ አየችኝና፣

«ይቺን ውኃ ከማዶ ተራራ ተሸክሜ ነው ያመጣሁት» አለችኝ።